ባለመነጽሩና ባለሹሩባው

ያን ቅዳሜ ጀማነህ ለጓደኛው ለግርማቸው ደውሎ «ና እኔ ቤት፣ ጨዋታውን አብረን እንይ» ሲለው፣ የግርማቸው ልጅ ያቤጽ ዴይተን ሆስፒታል ውስጥ በማሽን እየተነፈሰ ነበር። ጀማነህ ይህን ያውቃል፤ ግርማቸው አያውቅም። ጉዱ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

ያቤጽ እዚያው ዴይተን ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ዓርብ አመሻሽ ላይ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ምግብ ገዝተው ሲመለሱ አንድ የጭነት መኪና ቀይ መብራት ጥሶ ገባባቸው። ጓደኞቹ በስብራት ተረፉ፤ እሱ ጭንቅላቱን ተመታ። አባቱ በስልክ እንግሊዝኛ ሲያወሩት እንደሚደናገር ስለሚያውቅ፣ ድንገት ለሚያስፈልግ ነገር ያስመዘገበው የእህቱን የሔርሞንን ቁጥር ነበር። ከሚኖሩበት ከኮሎምበስ ወጣ ብሎ ደብሊን ካለው መሥሪያ ቤቷ ወጥታ ወደ ቤቷ ስትነዳ ደወሉላት፤ መኪናዋን እንዳዞረች ቀጥታ ዴይተን ገባች። አድራ ጠዋት ላይ ዶክተሮቹ ተስፋ መቁረጣቸውን ሲነግሯት፣ የደወለችው ለጀማነህ ነው። ጀማነህ የአባቷ የልብ ጓደኛ ነው። በአንድ ዓመት ዲቪ ደርሷቸው መጥተው፣ ኒው አልባኒ ያለ መጋዘን ውስጥ ጎን ለጎን ካርቶን ሲጭኑ ኖረዋል፤ አሁን ጀማነህ በሽተኞች የሚያመላልስ ቫን ይነዳል።

«አንክል፣ ዳዲን አምጣልኝ» አለችው። «በስልክ ከነገርኩት ራሱ እየነዳ ይመጣል፣ እፈራለሁ። አንተ አምጣው። ዛሬን አይዘልቅም ብለዋል። ፕሊስ፣ አሁኑኑ።»

«እሺ የኔ እናት፣ እሺ» አላት።

እሺ ያለ ሰው ቁልፉን አንስቶ ይወጣል። ከኮሎምበስ ዴይተን አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። ግን ጀማነህ አበሻ ነው፤ አበሻ ደግሞ ክፉ ወሬ ይዞ ብቻውን የሰው በር አያንኳኳም። ሽማግሌ ይጠራል፣ ሰው ይሰበስባል፣ ሰዓት ይመርጣል። ስለዚህ ለጋሽ ተስፋዬ ደወለ።

ጋሽ ተስፋዬ የቸርቻቸው ሽማግሌ ናቸው፤ በዚህ ከተማ እሳቸው ሳይኖሩ የተነገረ መርዶ የለም ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ ዝም ብለው አዳመጡት፣ «ጌታ ሆይ» አሉ፣ ከዚያ እንደ ልማዳቸው ማደራጀት ጀመሩ።

«ረጋ በል ጀማነህ። ሰውዬው ደም ግፊት አለበት፤ መኪናህ ውስጥ ልቡ ቀጥ ቢል ምን ልትሆን ነው? ገነት ደግሞ ከሰዓት ትገባለች።» ገነት የልጁ እናት ናት፤ ሲያትል እህቷን ልታርስ ሄዳ ያን ቀን ነበር የምትመለሰው። «እኔና ፓስተር ኤርፖርት እንቀበላታለን። ምንም ሳንላት አንተ ቤት እናመጣታለን። ሁለቱንም አስቀምጠን፣ ጸልየን፣ በወጉ እንነግራቸዋለን። ከዚያ ሁላችንም ደግፈናቸው እንሄዳለን። እስከዚያ አንተ ያዘው። ስልኩንም ውሰድበት፣ ፌስቡክ ላይ እንዳያይ።»

«ሔርሞን ግን አሁኑኑ አምጣው ነው የምትለው፣ ጋሽ ተስፋዬ።»

«ልጅ ናት። የኛን ነገር በምን አውቃ።»

ይህን የሚሉት ከክፋት አይደለም። የእናታቸውን ሞት የሰሙት ሥራ ቦታቸው ፓርኪንግ ሎት ውስጥ ቆመው ነው፤ አንዱ ችኩል ዘመድ በስልክ «እግዜር ያጥናህ» ብሏቸው። ያን ቀን አስፋልት ላይ ወድቀው የሚያነሳቸው ሰው አጥተዋል። ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ ማንም ብቻውን መርዶ እንዳይሰማ ምለዋል። ጀማነህም ይህን ስለሚያውቅ እሺ አለ። ለልጅቷም እሺ፣ ለሽማግሌውም እሺ። የሰው ልጅ እንዲህም ሆኖ ይፈጠራል።

ግርማቸው እኩለ ቀን ሳይሞላ ኒር ኢስት ሳይድ የሚባለው ሰፈር ያለው የጀማነህ አፓርታማ ደረሰ። የያቤጽ ኮሌጅ ስም የተጻፈበት ሹራብ ለብሷል፣ ሽምብራ ቆሎ በፌስታል ይዟል። ፊቱ ፈክቷል።

«እንኳን ጠራኸኝ። ገነት ከሄደች ጀምሮ ቤቱ ሊበላኝ ነው» አለና ሶፋው ላይ ተዘረፈጠ።

ጀማነህ ዓይኑን ማየት ከብዶት ቴሌቪዥኑን መነካካት ጀመረ። «ስልክህን ወዲህ በል፣ ቻርጅ ላድርግልህ» አለው፣ ጀርባውን እንደሰጠው። ግርማቸው አውጥቶ ሰጠው፤ ለጀማነህ ነፍሱንም ቢጠይቀው ይሰጠው ነበር። ጀማነህ ኩሽና ገባ፣ ድምፁን አጥፍቶ ኪሱ ከተተውና ግድግዳው ላይ ግንባሩን አስደግፎ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ይዞ ወጣ።

ወሩ ማርች ነው፤ አሜሪካ በሙሉ የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ውድድር ላይ ተጥዷል። ስክሪኑ ላይ ያለው ግርማቸው «ባለሹሩባው» የሚለው ልጅ ነው፤ የተጫዋቾቹን ስም ለመጥራት ምላሱ እንቢ ስለሚለው ሁሉንም በመልካቸው ነው የሚጠራቸው። ባለሹሩባው የዘንድሮው ጉድ ነው። ከመሐል ሜዳ ይወረውራል፣ ይገባለታል።

«እየው እስቲ» አለ ግርማቸው ገና ሳይቀመጥ ያሰበውን ነገር እንደሚጀምር ሰው። «አራት ዓመት፣ ሦስት ኮሌጅ። አንዱ ጋ ሲደብረው ሻንጣውን ይዞ ወደ ሌላው። በስሙ ማስታወቂያ ይሠራል፣ ብሩን ያፍሳል። ይሄ ተማሪ ነው?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ጀማነህ «ልክ ነህ» ብሎ ቆሎውን ይዘግን ነበር። ኳስ ማየት ሞቱ ነው። ያን ቀን ግን ሰውዬውን ከሶፋው እንዳይነሳ የሚያደርግ ሌላ መላ አልነበረውም። ስለዚህ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከራከረው።

«ቢሆንስ? ካንተ ባለመነጽር ይሻላል» አለው።

ግርማቸው ዞር ብሎ አየውና ሳቁ መጣበት። «አንተም ጀመርክ? ያቤጽ ነው አይደል ያስጠናህ?»

ባለመነጽሩ የግርማቸው ሰው ነው። ከስድሳ ዓመት በፊት መነጽሩን በላስቲክ ከጭንቅላቱ ጋር አስሮ ይጫወት የነበረ፣ አሁን በጥቁርና ነጭ ፊልም ብቻ የሚታይ ረጅም ልጅ። ግርማቸው ዩቱብ ላይ ፈልጎ ያገኘው እሱ ነው፣ ጠበቃው እሱ ነው። ክርክሩንም በቃሉ ያውቀዋል። በዚያ ዘመን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ዋናው ቡድን ውስጥ አይሰለፍም፤ ስለዚህ ባለመነጽሩ የተጫወተው ሦስት ዓመት ብቻ ነው። ባለሦስት ነጥብ መስመር የሚባል ነገር የለም፤ ከየትም ወርውር፣ ያው ሁለት ነው። ዳንክ ማድረግ፣ ማለትም ዘሎ ኳሷን ቅርጫቱ ውስጥ መድፋት እንኳ ክልክል የነበረበት ጊዜ ነበር። እንዲህ ሁሉ ታስሮ ያንን ሁሉ ነጥብ አገባ፣ በገባበት ኮሌጅ ተመረቀ፣ ጉልበቱ ሲጎዳ ሄዶ አስተማሪ ሆነ።

«የዛሬውን ወደዚያ ውሰደው» አለ ግርማቸው፣ ጣቱን ወደ ስክሪኑ ቀስሮ። «መስመሩን አንሳበት፣ አንድ ዓመት ቀንስበት፣ ጫማውንም አውልቅና የዚያን ጊዜውን ሸራ አልብሰው። ከዚያ እናያለን።»

«ያንተን ደግሞ ወደዚህ አምጣው» አለ ጀማነህ። «ያን ጊዜ የሚጠብቁት አጫጭር የሒሳብ አስተማሪዎች ነበሩ።»

ግርማቸው እጁን እጁ ላይ መትቶ ሳቀ። «ይቺ የያቤጽ ናት። ቃል በቃል የሱ ናት። ሰርቀህ ነው።»

የያቤጽ ነበረች። ልጁ ባለፈው ገና እዚሁ ሶፋ ላይ ተቀምጦ አባቱን እንዲህ ብሎ ሲያናድደው ጀማነህ ሰምቶታል። የሚጠቀምበት የራሱ ሐሳብ ስላልነበረው ሆስፒታል አልጋ ላይ ያለውን ልጅ ቃል አምጥቶ አባቱን ያስቅበት ጀመር። ቢሆንም ቀጠለ፤ ምን ያድርግ።

ኪሱ ውስጥ የግርማቸው ስልክ ተንቀጠቀጠ። ቆም አለ። እንደገና ተንቀጠቀጠ። ከዚያ የራሱ ስልክ። ጀማነህ «መጣሁ» ብሎ መታጠቢያ ቤት ገባና ቧንቧውን ከፍቶ አነሳው።

«የት ደረሳችሁ?» አለች ሔርሞን።

ጀማነህ ቧንቧውን ይበልጥ ከፈተው።

«አንክል፣ አልወጣችሁም?»

«እናትሽ እየደረሰች ነው የኔ ቆንጆ። ጋሽ ተስፋዬ አብረን እንሂድ ብለው ነው። ትንሽ ታገሺ።»

ልጅቷ አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለው ነበር። «እሺ» አለች፣ «መምጣት ካልቻለ ስልኩን ስጠው። ነርሷ መስማት ይችል ይሆናል፣ አናግሩት ብላኛለች። ጆሮው ላይ አደርግለታለሁ። ዳዲ ዝም ብሎ ያውራለት። የፈለገውን ያውራ።»

«ሲያወራ ምን ሆነ ብሎ ይጠይቅሻል እኮ። ይወድቅብኛል።»

«ይውደቅ» አለች። «አባቱ እኮ ነው።»

ጀማነህ መስታወቱ ውስጥ ራሱን አየ። ሽበታም፣ ልጅ ያልወለደ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው። «ጋሽ ተስፋዬን ልጠይቅና» ብሎ ዘጋው። ጠየቃቸውም፤ ኤርፖርት ናቸው፣ አውሮፕላኑ ሊያርፍ ነው፣ «ይሄን ያህል ከያዝከው አሁን እንዳታበላሸው» አሉት። ፊቱን ታጥቦ ወጣ።

ሲመለስ ግርማቸው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀንሶታል። እግሮቹን ሰብስቦ፣ ቆሎውን መዳፉ ውስጥ እያንከባለለ፣ ወደ ሌላ ነገር የገባ ይመስላል።

«ጀማነህ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ለማንም እንዳትል» አለ። «ልጁ ልክ ነው።»

«የቱ ልጅ?»

«ያቤጽ ነዋ። ባለሹሩባው ይበልጣል። በጣም ይበልጣል። ድሮ ነው ያወቅኩት፣ አምና ነው። ባለመነጽሩ ጎበዝ ነው፣ ይሄኛው ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ዓይን ያለው ሰው ያየዋል።»

ጀማነህ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ።

«ታስታውሳለህ አይደል፣ አሥራ ሦስት ዓመቱ ላይ ሲደርስ ማውራት ሲያቆም?» አለ ግርማቸው። «በአማርኛ እጠይቀዋለሁ፣ በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ጥሎልኝ ክፍሉ ይገባል። ፋይን። ኦኬ። ኖ። ያመኝ ነበር። እኔ ከመጋዘን ሞቼ ነው የምመለሰው፣ የቤት ሥራውን አላውቅለት፣ ጓደኞቹን አላውቃቸው። የሚወደው ይሄን ኳስ ነው። እኔ ደግሞ ኳስ ስል በእግር ነው የማውቀው። እና ቁጭ ብዬ ተማርኩት። ያን ባለመነጽር አገኘሁና አንድ ቀን እራት ላይ ‹የድሮዎቹ ይበልጣሉ› አልኩት። እንዴት ብሎ ተነሳ መሰለህ። ‹ዳዲ አንተ ምንም አታውቅም› አለኝ፣ በአማርኛ። ሙሉ ዓረፍተ ነገር። ገነት ማንኪያዋን አስቀምጣ ነው ያየችን።»

ሳቀና ዓይኑን በሹራቡ እጅጌ ጠረገ።

«ከዚያ ወዲህ ይኸው እንከራከራለን። ዴይተን ከገባም በኋላ እሁድ እሁድ ይደውልልኛል። አዲስ ማስረጃ አግኝቻለሁ ይለኛል። ሲናደድ አማርኛው ይጠራል፣ አይገርምህም? እና እኔ ልክ ነህ ካልኩት ለምን ይደውልልኛል? ለዚህ ነው ዓይኔ እያየ የምክደው። አርጅቼ ነው መሰል ግን አሁን አሁን ይከብደኛል። ልጄ ልክ ሆኖ አባቱ አንድ ቀን ልክ ነህ ሳይለው...» ቆሎውን ፌስታሉ ውስጥ መለሰው። «ስልኬን ስጠኝ እስቲ። አሁን ልንገረው። ባለሹሩባው እየተጫወተ እያለ ልንገረው፣ ይደሰታል።»

ጀማነህ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ስልኩን ጨበጠው። በቃ፣ አውጥቶ መስጠት ብቻ ነበር። ሔርሞን ታነሳዋለች፣ ጆሮው ላይ ታደርገዋለች፣ አባትየው ልክ ነህ ይላል። የሚመጣው ይመጣል። ደግሞ የሚመጣውን አሰበ፤ ሰውዬው ሶፋው ላይ ሲዝለፈለፍ፣ እሱ ብቻውን ሲያነሳው፣ ጋሽ ተስፋዬ በር ላይ ቆመው «ምን አደረግክ» ሲሉት። ፈራ። ስሙን ማሳመር አያስፈልግም፣ ፈራ።

«ገና ነው፣ ቻርጁ አልያዘም» አለ።

«ባንተ ደውልልኝ።»

«ቅዳሜ እኮ ነው ግርማቸው። ተማሪ ነው፣ ተኝቶ ይሆናል።»

ግርማቸው ትንሽ አሰበና ራሱን ነቀነቀ። «እውነትክን ነው፣ ያመሻል ዓርብ ዓርብ። ይተኛ» አለ። «ነገ እሁድ አይደል፣ ራሱ ይደውል የለ።» ከዚያ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ አደረገ።

ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው ባለሹሩባው ሁለት ሰው አልፎ ሚዛኑን ስቶ እየወደቀ ወረወረ፤ ገባ። ግርማቸው ከሶፋው ተነስቶ አጨበጨበ፣ እንደ ልጅ። «አየኸው? አየኸው ይሄን ሰይጣን? ያቤጽ አሁን ይሄን እያየ አብዷል» አለ። በዚያው ቅጽበት የጀማነህ ስልክ ጭኑ ላይ አንዴ ተንቀጠቀጠ። አጎንብሶ አየው። ሔርሞን ናት። «አንክል፣ ሄደ» ይላል። ሌላ ምንም የለውም።

ጀማነህ ቀና ሲል ግርማቸው አሁንም እያጨበጨበ ነበር። «አየሁት» አለው። «አይቻለሁ።»

በሩ ሲንኳኳ ጋሽ ተስፋዬ ከፊት፣ ፓስተሩ ከኋላ፣ ገነት ደግሞ ሻንጣዋን እየጎተተች ከመሐል ነበሩ። ገነት ግራ ገብቷታል፤ «ቤት አድርሱኝ ስላቸው እዚህ አመጡኝ» እያለች ገባች። ግርማቸው ሚስቱን አየ፣ ሽማግሌውን አየ፣ ጥቁር ኮታቸውን አየ። አበሻ ነው፣ ይህን ቅርጽ ያውቀዋል፤ እሱም በሌሎች ቤት ከጋሽ ተስፋዬ ኋላ ስንት ጊዜ ቆሟል። ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ የት እንደገባ አልታወቀም። «ማነው?» አለ። «ማንን ልበል? ማነው?» ጋሽ ተስፋዬ «ቁጭ በሉ ልጆቼ፣ በመጀመሪያ እንጸልይ» ሲሉ ገነት ጸሎቱን አልጠበቀችም፤ ሻንጣዋ ላይ ወደቀች።

በወጉ ተነገረ። ሰው ደገፋቸው፣ ውኃ ተሰጣቸው፣ ፓስተሩ ጸለየ። ማንም ብቻውን አልወደቀም። የግርማቸው ልብም ቀጥ አላለም፤ ሰው እንዲህ በቀላሉ አይሞትም። በጀማነህ ቫን ዴይተን ሲሄዱ ገነት መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ ግርማቸው በመስኮት የታረሰውን መሬት ያያል። ጀማነህ ይህችው ናት መንገዷ እያለ ነዳ። አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላችም።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሔርሞን ወንበር ላይ ኩርምት ብላ አገኟት። እናቷ ላይ ተጠመጠመች። ከዚያ አባቷን አቀፈችና ደረቱ ላይ ሆና ማውራት ጀመረች፣ አማርኛውና እንግሊዝኛው ተደባልቆባት። ልትወቅስ አይደለም፤ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ብቻዋን የያዘችውን ሁሉ እያራገፈች ነው። «ዳዲ ኮል አደረግኩልህ። ደጋግሜ ኮል አደረግኩ። ይሰማል ብላኝ ነበር ነርሷ። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጌ እየጠበቅኩህ ነበር። ዳዲ ያነሳል፣ አሁን ያነሳል እያልኩት።»

ግርማቸው ሴት ልጁን ከደረቱ ቀስ አድርጎ ለየ። «መቼ?» አለ። «በሕይወት እያለ?»

«ከሰዓት ድረስ ነበር እኮ» አለች ሔርሞን።

ጋሽ ተስፋዬ ባርኔጣቸውን አውልቀው መሬት መሬቱን ያያሉ። ጀማነህ የግርማቸውን ስልክ ከኪሱ አውጥቶ ዘረጋለት፤ ሌላ ምን ይዘርጋ። ስክሪኑ የሔርሞን ስም ብቻ ነው፣ ከላይ እስከ ታች። ግርማቸው ስልኩን ተቀብሎ አላየውም። ያየው ጀማነህን ነው።

«ግርማዬ...» አለ ጀማነህ። «የመሰለኝ...»

«ባለሹሩባው ይበልጣል ስልህ ሰማኸኝ አይደል?» አለው ግርማቸው። ድምፁ ለስላሳ ነበር፣ አንድ ነገር ለማጣራት እንደሚጠይቅ ሰው።

«ሰማሁ።»

«ልክ ነው ስል?»

«ሰማሁ ግርማዬ።»

«እሱ መስማት የነበረበትን አንተ ሰማህልኝ» አለው ግርማቸው። ከዚያ ገነትን በክንዷ ይዞ ልጁ ያለበት ክፍል ገባ። ጀማነህ ሊከተል አንድ እግሩን ሲያነሳ ሔርሞን በሩን ዘጋችው።